ሁለት ክዳን መድኃኒት

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጥዋት 1፡00

የዓሣ ገንዳው ውሃ ዛሬም አረንጓዴ። አረንጓዴውን አልጌ ማጥፊያ ጨመርኩ። ጠርሙሱ በሳምንት አንድ ክዳን ይላል፤ ሁለት አደረግሁ። በትልልቆቹ ዓሦች ጎን ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አይቻለሁ፣ ለእሱም ሌላ መድኃኒት። ለቧንቧው ውሃ ደግሞ ክሎሪን ማጥፊያ። በአንድ ጥዋት ሦስት ጠርሙስ። ቸኩያለሁ፣ የአዘዞ ታክሲ ሰልፉ አይጣል ነው።

አባዬ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም፤ ዓሦቹን የገዛሁላቸው ለዚያ ነው። ከቅዳሴ መልስ ወንበራቸውን አስጠግተው ሰባቱንም በየስማቸው ይጠራሉ። የደብር መሪጌታ ለዓሣ ስም አውጥቶ። ደብተሬ፣ ሲስቁ የምሰማቸው እዚያ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከሥራ መልስ

ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አባዬ ምነው እንዲህ ሆኑ ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። በሽታው ጠንቶባቸው ነው አልኳቸው። ፋርማሲስት ነኝ፤ አመኑኝ። የነጠብጣቡን መድኃኒት ደገምኩ። ነገ ይሻላቸዋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ጥዋት 12፡30

ስድስቱ ሞተዋል።

አባዬ አንድ በአንድ በጭልፋ አወጧቸው። ትንሿ ብቻ ከማጣሪያው ሥር ተወሽቃ ትተነፍሳለች። ምን ገደላቸው አሉኝ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ቆሞ ነው አልኩ። መብራት አልጠፋም። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ከአፌ ወጣ።

ያው ቀን፣ ምሳ ሰዓት

ጠርሙሶቹን በቦርሳዬ ይዤ ሆስፒታል መጣሁ። ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ኋላ ሆኜ አነበብኳቸው። የአልጌው ማጥፊያ፣ መዳብ። የነጠብጣቡ፣ መዳብ። አንድ ነገር በሁለት ስም። ያውም በእጥፍ፣ ያውም ተደግሞ። ከሌላ መድኃኒት ጋር አይደባለቅ ይላል፣ በደቃቅ ፊደል።

ዛሬ ጥዋት ከማክሰኝት የመጣችን እናት ተቆጥቻለሁ። ሁለት የትኩሳት ሽሮፕ አብራ ስትሰጥ ነበር። ስማቸው ቢለያይም መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ልጅሽን ትገድዪዋለሽ አልኳት። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ።

ማታ ለአባዬ እነግራቸዋለሁ።

ማታ 12፡00። የገንዳውን ግማሽ ውሃ ቀየርኩ። አፌን ግን አልከፈትኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ሰፈሩ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ጭሱ በመስኮት ይገባል። አባዬ ግን ቤት ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኅዳር ሚካኤልን ሲቀሩ አይቼ አላውቅም። አሞዎት ነው ወይ አልኳቸው። አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዓሦቹን መብራት አይደለም የገደላቸው። እኔ ነኝ።»

ረቡዕ ማታ፣ እኔ ጓዳ ሳለሁ፣ ከደብሩ ያመጡትን ጠበል አንድ ኩባያ አፍስሰውባቸዋል። እንዲድኑላቸው።

«ስንቱ የሚፈወስበት ጠበል በእኔ እጅ ሲሆን ገደለ። ምን ኃጢአት ተገኘብኝ እያልሁ ስመረምር ሌሊቱን አነጋሁ። ከእንግዲህ ማኅሌት አልቆምም፣ ልጄ።»

የምለው ሁለት ቃል ነበር፤ እኔ ነኝ። ወጥቼ ሥራ ሄድኩ። ደብተሬ፣ ትቻቸው ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከደብሩ ሰው ተልኮ መጣ፣ ምነው ቀሩ ብሎ። ሌላ መሪጌታ ፈልጉ ብለው ከበር መለሱት። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ዕድሜያቸውን የኖሩበት ነገር ነው። ምሳቸውን አልነኩም። እኔም።

እሁድ፣ ኅዳር 14። ረፋድ

ነገርኳቸው። ሦስቱን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ፣ ከየትኛው ምን ያህል እንደጨመርኩ። መብራት እንዳልጠፋም። ጠበልዎ ምንም አላደረጋቸውም፣ የገደልኳቸው እኔ ነኝ አልኩ።

ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ጠርሙሶቹን ዞር ብለውም አላዩ። እኔን ነው ያዩት።

«ዓሦቹስ፣ ባለማወቅ ነው። እኔን ግን ሁለት ቀን ሙሉ እያየሽኝ ዝም አልሽ?»

አዎ አልኩ።

መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ። ቅዳሴው ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ ሄዱ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

9፡20

የውሃውን ሩብ ቀየርኩ። ክሎሪን ማጥፊያ ብቻ፣ ለተቀየረው ውሃ የሚበቃውን፣ በስሪንጅ ለክቼ። ሁለት ሚሊ። መዳቦቹን ጠቅልዬ አስቀመጥኳቸው። አረንጓዴው ይቆይ፣ ዓሣ አይገድልም። ከዛሬ ወዲያ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አንዲት ጠብታ አልጨምርም። ትንሿ ዛሬ ምግብ ቀመሰች።

አባዬ አሁን ገቡ። ወንበሩን ሳያስጠጉ፣ ቆመው፣ ምን ጨመርሽ አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ሁለት ሚሊ አልኳቸው።

«አሳዪኝ።»

እስከ ዛሬ የምሰጣቸውን መድኃኒት ሁሉ ሳይጠይቁ ይውጡ ነበር። ስሪንጁን ሰጠኋቸው። መስኮቱ ዘንድ ወሰዱት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ነው።