ላፕቶፑን ስታበሪ ታችኛውን ምረጪ

ሰፍዬ፣

ወልቂጤ አክስቴ ጋ ሄጃለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ። ጨው በዝቶበታል፣ እንደ ልማድሽ ተሳደቢ።

ላፕቶፑን ነካክቼዋለሁ፣ እንዳትጮሂ።

ላፕቶፑ የሚሠራበት ሊኑክስ የሚሉት ሥርዓት ሲነሳ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚቀሰቅስ አንድ ፕሮግራም አለ። ወንድምሽ ሳላሀዲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ የጫነው አሮጌውን ነበር። ለመነሳት አራት ደቂቃ እየፈጀ ሱቃችን ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣው ሰው ሁሉ ጥሎን ይሄድ ነበር። እኔም ከስድስተኛ ያቋረጥኩት ጎበዝ አዲሱን፣ ሲስተምዲ የሚሉትን፣ ጫንኩና በሃያ ሰከንድ ተነሳ። "በይ አመስግኚኝ" ብልሽ "ድምፁስ?" አልሽኝ።

ሲከፈት "ሰፍያ፣ ተነሺ፣ ረፍዷል" የሚለው፣ ሳላሀዲን ቀድቶ ያስገባው ድምፅ በአሮጌው ብቻ እንደሚሠራ አላወቅኩም። ያ ድምፅ ቀልድ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሌላ ላፕቶፕ የማትገዢበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። አንቺ ግን ይኸው ሦስት ቀን ዘጋሽኝ።

አሮጌውን መልሼ ጭኛለሁ፣ አዲሱንም አልነቀልኩም። ስታበሪው ሁለት ምርጫ ይመጣል።
ላይኛው ለሥራ ነው።
ታችኛውን ሰው ሳይኖር ክፈቺው።

ሲነሳ አይቻለሁ፣ ግን ድምፁን ዘግቼ ነው የሞከርኩት። የሚጠራው አንቺን ነው።

ከፍ አድርጊው።

ባሂራ