በዘይቱኑ ዛፍ ሥር የበራው ቀይ መብራት

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 2016 ዓ.ም.

ለሶሲና አያት፣
ሽንሌ፣ ከሃዲዱ ማዶ

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ስለ ምላስሽ አልጠይቅም፤ እሱ ከኔም ካንቺም በኋላ ይኖራል። ያቺ ጆሮዋ የተቆረጠ ፍየልሽ ወለደች ወይ? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጆሮዬና ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ድመት ፀሐይ እያሳደድኩ ግቢውን እዞራለሁ።

ይሄን ሁሉ ዘመን በስልክ ስንነታረክ ኖረን ዛሬ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልኩ አያዋጣም። እኔ አልሰማም፣ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ ጎረቤታችን ረቢዓ ሱቅ ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ጉዳችንን ይሰማል። ይሄ ደግሞ ሶሲና ጆሮ መግባት የሌለበት ነገር ነው። ሚኒባስ ነጂው ኸሊፍ በእጅሽ ያደርስልሻል። ምሳ አብዪው፤ ግን አንብብልኝ ብለሽ እንዳትሰጪው። መነጽርሽን ፈልጊ።

ታስሬያለሁ። አውቃለሁ፣ እየሳቅሽ ነው፤ ሳቂ። አሳሪዬ ያችው አንዲቷ የልጅ ልጃችን ሶሲና ናት። ጠዋት ቢሮ ስትሄድ የግቢውን በር ከውጭ ትቆልፍና ቁልፉን ይዛ ትሄዳለች። ምን አጠፋህ ብትዪኝ፣ ባለፈው ክረምት የሬዲዮ ባትሪ ልገዛ ወጥቼ ትንሽ ቆየሁ። ጠፋህ አለችኝ። ሰው በገዛ ከተማው ይጠፋል? እየዞርኩ እያየሁ ነበር። ያመጣኝ ባጃጅ ነጂ ግን «ከከተማው ዳር አገኘሁት፤ አባባ ወዴት ነህ ስለው ‹ሽንሌ ጣቢያ፣ ፈረቃዬ ደርሷል› አለኝ» ብሎ አወራ። ቀልድ የማይገባው ሰው ያጋጥማል እንግዲህ።

እናቷን ከቀበርን ወዲህ ይህች ልጅ የምትወደውን ሁሉ ካልቆለፈችበት እንቅልፍ አይወስዳትም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። አንድ ቀን እንዲያውም ምሳ አልበላም ብዬ አደምኩ፤ ምሳው ሩዝ በፍየል ሥጋ ሆነና አድማው ከሸፈ። በመጨረሻ፣ ያን ሁሉ ባቡር እንዳይጋጭ የጠበቅሁ ሰው ለአንድ የቆርቆሮ በር አልታመንም ወይ አልኳት። ካንቺ አይደል የወጣችው፣ «እስቲ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሁለት ባቡር ሳታጋጭ አዙርና ቁልፉን እሰጥሃለሁ» አለችኝ። ማሾፏ ነበር። በማግስቱ ግን ከጠረፍ ከወጃሌ የገቡ ሁለት የአሻንጉሊት ባቡሮች ይዛ መጣች። አርፌ እንድቀመጥላት ነው።

እኔ አርፌ ልቀመጥ? ላሜራ በቀጫጭኑ አስቆርጬ ሃዲድ አነጠፍኩ። ከዘይቱኑ ዛፍ ተነስቶ በውኃው ታንከር ዞሮ፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር አልፎ ይመለሳል። የፕላስቲኩን ጎማ ነቅዬ የብረት ገጠምኩ። የባጃጅ ጠጋኙ ፉአድ አሮጌ ባትሪ፣ ቀይና አረንጓዴ አምፖል፣ እንዲሁም ሪሌ የሚሏትን በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ አመጣልኝ። ለምን ቢለኝ፣ ልታሰር የገባሁበትን ቤት ላሳምር ብዬ ነው አልኩት።

አሠራሩ አንቺም የምታውቂው ነው። መስመሩን በክፍል በክፍል ከፋፈልኩት። በየክፍሉ ሃዲድ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ እሱ እየዞረ አረንጓዴው ይበራል። ባቡር ሲገባ የብረት ጎማው ሁለቱን ሃዲዶች ያገናኛል፣ ኤሌክትሪኩ በጎማው አቋርጦ ይመለሳል፣ አረንጓዴው ይጠፋና ቀዩ ይበራል። ያኔ ከመኪና በር ላይ የነቀልናት መቆለፊያ ጣቷን ብቅ ታደርግና ከኋላ የሚመጣውን ባቡር ትይዘዋለች። የፊተኛው ክፍሉን ካልለቀቀ የኋለኛው ንቅንቅ የለም።

በሥራው እስራቴን ረሳሁት ልልሽ ነበር። አልረሳሁም። ባቡሮቹም እንደኔ ከአጥር አጥር ነው የሚዞሩት፤ ቆርቆሮው በር ጋ ሲደርሱ ይጠመዘዛሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሶሲና ዳኛ ሆና በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ፉአድ መጣ። ረቢዓም ሱቋን ለእህቷ ትታ መጣች። ያው በ2010ሩ ግርግር ጓዳዋ የሸሸገችን ረቢዓ ናት፤ ከዚያ ወዲህ በግቢያችን እሷ የማታዝበት ነገር የለም። ባቡሮቹን ለቀቅኋቸው። ብታዪ! አንዱ ሲገባ ሌላው ይቆማል፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይገባል። አንዴ ፉርጎ ከሃዲዱ ወጣና ሶሲና ጎንበስ ብላ አቃናችልኝ፤ እንደገና ተነሱ።

ከዚያ የዘይቱኑ ሥር መብራት ቀይ በርቶ ቀረ። አንደኛው ባቡር ከፊቱ ቆመ፣ ሁለተኛው መጥቶ ከበስተኋላው ቆመ፤ ጎማቸው በቦታው ይሽከረከራል። ከፊታቸው ግን ምንም የለም፣ ሃዲዱ ባዶ ነው። ረቢዓ «ወላሂ አባባ፣ ባቡርህ እንዳንተ ግትር ነው» አለች። ፉአድ ሪሌዋ ተቃጥላ ይሆናል፣ ዝም ብለን መቆለፊያዋን እንንቀላትና ይለፉ አለኝ። ሶሲና ቀስ ብላ ተበላሸ ማለት ነው ወይ አለች። ደስ ያላት መስሎኝ ከፋኝ።

አንቺ ታውቂያለሽ፣ በኛ ሥራ ቀይ እየበራ ባዶ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። በእግርህ ሄደህ፣ በዓይንህ ታያለህ። ዓይኔ እንደድሮው ስላልሆነ ተንበርክኬ ሃዲዱን በእጄ ዳሰስኩት። በረገፈው ቅጠል መሃል አንድ ቀጭን የብር ሐብል በሁለቱ ሃዲዶች ላይ ተጋድሞ አገኘሁ። ሐብሉ ላይ ቀለበት ተንጠልጥሏል። ሐብሉን አውቀዋለሁ፤ ከሶሲና አንገት ወርዶ አያውቅም፣ ጫፉ ግን ሁልጊዜ ከቀሚሷ ሥር ነው። መስቀል ይመስለኝ ነበር።

ጨበጥኩት። ምንድን ነው አባባ አለችኝ። ምስማር ነው አልኳት።

አረንጓዴው በራ፣ ባቡሮቹ ሄዱ፣ ረቢዓ እልልታዋን ለቀቀችው። ሶሲናም ቃሏን ጠብቃ ቁልፉን ሰጠችኝ። ተይው ልላት ቃጣኝ፤ በአንዱ እጄ ሐብሏ፣ በሌላው ቁልፏ። ኋላ አንገቷን ደጋግማ ስትዳስስ ሳያት ሐብሉን ሳታየኝ ቦርሳዋ ውስጥ ጣል አደረግሁላት።

ሰኞ ወጣሁ። ወጣሁ ስልሽ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። መንገዱ ላይ ኮብልስቶን አንጥፈው መልኩን አጥፍተውብኛል፤ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ ስል ፀሐይዋ ከፍ አለች። ረቢዓ ከሱቋ ወጥታ ክንዴን ያዘችኝ። መንገዱን ለምን ይለዋውጡታል አልኳት። «አባባ፣ ኮብልስቶኑኮ ድሮም ነበር» አለችኝ።

ሻይ አጠጣችኝና ስለ ቀለበቱ ጠየቅኋት። እሷ የማታውቀው የለም። የሰጣት ሰው ራጉኤል ይባላል አለችኝ። ሸደር የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የውኃ ሥራ ላይ ያለ፣ ጨዋ ሰው። ሥራው ወደ ጋምቤላ ዞሮበታል፤ ተጋብተን አብረን እንሂድ ብሏታል። እሷም አባባን ለማን ጥዬ ብላ ቀለበቱን ጣቷ ላይ ሳታደርገው አንገቷ ሥር ሸሸገችው። እስከ ጥምቀት ይጠብቃታል። ከዚያ በኋላ ይሄዳል።

ከሰኞ ወዲህ ባቡሮቹን አላዞርኳቸውም። አንዱን ዘይቱኑ ሥር አቁሜ ቀዩን እያየሁ እቀመጣለሁ። የፊተኛው ክፍሉን ካልለቀቀ የኋለኛው ንቅንቅ የለም ብዬሽ የለ? የፊተኛው እኔ ነኝ።

ድሮ ባቡር ሳንለቅ በፊት ለሚቀጥለው ጣቢያ ደውለን መንገዱ ባዶ ነው ወይ ብለን እንጠይቅ ነበር። እኔም ልጠይቅሽ፤ በጓሮሽ ያለችው ክፍል ባዶ ናት ወይ? የኛ ባቡር ሥራ ሲያቆም፣ ያለ ባቡር ሽንሌ ምን አደርጋለሁ ብዬ የወጣሁት እኔ፤ ከሽንሌ ወጥቼስ ምን አደርጋለሁ ብለሽ የቀረሽው አንቺ። ማን ልክ እንደነበረ በረንዳሽ ላይ ቁጭ ብለን እንከራከራለን። ባቡሮቼን ይዤ እመጣለሁ፤ ሃዲዱን ለፍየሏ በማይመች ቦታ አነጥፈዋለሁ።

እኔ ልምጣ ማለቴን ግን ለሶሲና እንዳትነግሪ፤ አትለቀኝም። ጉልበቴ አላንቀሳቅስ አለኝ፣ ፍየል የሚጠብቅልኝ ሽማግሌ ላኪልኝ በያት። ትንሽ አቃስቺ። አላስተምርሽም፣ ታውቂበታለሽ። እኔ ደግሞ ከዚህ ሆኜ አልሄድም፣ ያቺን ነዝናዛ አልችላትም እላለሁ። ለምና ታስሄደኛለች። ብቻ ከጥምቀት በፊት ይሁን።

አንድ ነገር ቀረ። የግቢሽ በር፣ እንደማስታውሰው፣ በገመድ ነው የሚታሰረው። ቁልፍ አስገጥሚለት። ቁልፉንም አንቺው ያዢው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ጥላሽን አያጥፋው። ምላስሽንም ለክርክራችን ይጠብቅልኝ።

ያው የሶሲና አያት

ሳልረሳው፦ ያቺ ጆሮዋ የተቆረጠ ፍየልሽ ወለደች ወይ?