እናቶቹን ሳለሰልስ

የካቲት 3

የትንሹ ሰርግ ቪዲዮ ዛሬ እጄ ገባ። ወንድሜ ነው፤ ሠላሳ ሞልቶት፣ ሚስትም አግብቶ ቤታችን ውስጥ ያው «ትንሹ» ነው። ጋሽ ፍላሽ፣ አለቃዬ፣ «የራስሽን ዘመድ ራስሽ ቁረጪ» ብሎኝ ሄደ። ስቱዲዮው ውስጥ እሱ ያነሳል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ አሳምራለሁ።

ቀኑን ሙሉ ግን የሌላ ሰው ሰርግ ላይ ነበርኩ። የሙሽራው ብጉር... የሚዜው ያበጠ ዓይን... ፊቱን በክብ መስመር አጥሬ ኢፌክቱን ትንሽ ሳብ ሳደርገው ቆዳው ይለሰልሳል። ካበዛሁት ሰውየው የተላጠ እንቁላል ይሆናል። ሙያው ማቆሙ ላይ ነው። ምሳ መብላቴን ራሱ እንጃ። ይሄን ሥራ እወደዋለሁ ማለት ነው?

የካቲት 4፣ ዓርብ

እማዬ ስቱዲዮ መጣች። መጥታ አታውቅም። ጋሽ ፍላሽ ወንበር ሲያቀርብላት «አልቀመጥም፣ ለደቂቃ ነው» አለችና ተደላድላ ተቀመጠች። እሱ ሻይ ሊያመጣ እስኪወጣ ጠበቀች።

«እንደነሱ አድርጊኝ።»

«እንደ እነማን?»

«እንደምታደርጊያቸው ሰዎች። አለስልሺኝ።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ዓይኗን ሳይ ዋጥኩት።

ገባኝ። የሰርጉ ዕለት ከሙሽሪት እናት ጎን ቆማ እንግዳ ትቀበል ነበር። (ሴትየዋን ትንሹ «እቴጌ» ይላታል። ስትመጣ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅላታል። እኛም ለመድነው፤ በሌለችበት ነው እንጂ።) አንድ መነጽሩን ረስቶ የመጣ ልብስ ሰፊ እማዬን አየና እቴጌን «እናትዎ ናቸው?» አላት። እቴጌ ከት ብላ ሳቀች። እኩያሞች ናቸው እኮ። እንዲያውም እቴጌ ትበልጠኛለች ባይ ናት እማዬ።

ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ ነው። መልእክት በትንሹ በኩል። እቴጌ ባለችበት እማዬ አትገኝም። ምስኪኖቹ ሙሽሮች እናቶቻቸውን የሚጋብዙት በፈረቃ ሆኗል።

«ማንም እንዳይሰማ» አለችኝ ስትወጣ። «አባትሽም ቢሆን።»

የካቲት 6

እሑድ ነው ግን ገባሁ። እማዬን አለሰለስኩ። የግንባሯን መስመር... የአፏን ዳርና ዳር... ስትዞር ክቡ አብሯት ይዞራል። ስትስቅ አብሯት ይስቃል። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ትምህርት ቤት በር ላይ ስትጠብቀኝ የነበረችዋ እናቴ ብቅ አለች። ደጋግሜ አየኋት። ከዚያ ብቻዬን እየዘፈንኩ ቡና ቤት ሄድኩና ኬክ በላሁ። ለምን? እንጃ። ደስ ብሎኛል።

የካቲት 8፣ ማክሰኞ

ጉድ ፈላ።

እቴጌ መጣች። ጥቁር መነጽር፣ ሽቶ፣ ሁሉ ነገር። ጋሽ ፍላሽ ሳያስበው ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።»

«ምን ልታዘዝ እትዬ?»

አገጯን በሁለት ጣት ያዝ አደረገችው። «ይሄንን። አንድ ዘመድ በስልኩ የቀረጸውን አሳየኝ። እንቅልፍ የለኝም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «ከእናትሽ ጎን ስቆም አሮጊት እንዳልመስል። ሌላ አልልም።»

እሺ አልኳት። ምን ልበል? ለእማዬም እሺ ብያለሁ። ባንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት እኔ ነኝ።

የካቲት 9

ቀኑን ሙሉ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ፣ በሳቅ።

እቴጌን ሳለሰልስ ጎኗ ያለችው እማዬ ድንገት አረጀች። እማዬን ጨመርኩላት። አሁን ደግሞ እቴጌ ወደቀች። እሷን ሳብ... እማዬን ሳብ... መሃል ላይ እማዬ ደወለች። «ከሷ እንዳላንስ አደራ።» ጨመርኩ። እንደገና ቀና ብዬ ሳይ ሁለቱም በዕድሜ ከሙሽሪት በታች ሆነዋል። ሙሽሪት መሃላቸው ቆማ ሁለት ሴት ልጆቿን የምትድር እናት መስላለች።

ጋሽ ፍላሽ ሳቄን ሰምቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። ራሱን አከከ።

«የቷ ናት ያገባችው?»

ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ።

መቀነስ አለብኝ? የትኛዋን? የቀነስኩባት ትገድለኛለች።

የካቲት 11

ሙሽሪት ደወለች። እሑድ ቪዲዮውን ቤታቸው አብረን ልናይ ነው። ምሳ አለ።

«የማን ፈረቃ ነው?» አልኳት።

«የማንም። ሁለቱንም ጠርቻለሁ። ሰለቸኝ። ከመጡም ይምጡ፣ ካልመጡም እኔና ባሌ እንበላዋለን።»

ይቺ ልጅ የእናቷ ልጅ ናት። ሁለቱ ለስላሶች ባንድ ሶፋ... ባንድ ቴሌቪዥን... ታምሜያለሁ ብል ያምኑኛል?

የካቲት 13፣ እሑድ

መጡ። ሁለቱም። አንዷ ሌላዋን አትመጣም ብላ መሰለኝ።

እማዬ በሶፋው በዚህ ጫፍ፣ እቴጌ በዚያ ጫፍ። አጎቴ መሃል፣ እንደ ድንበር። አባዬ ብርቱካን ይልጣል። ሰላምታው በአገጭ ነበር። ሙሽሪት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጣቷን ታፍተለትላለች። ያን ሁሉ ድፍረት የት አደረገችው? ትንሹ ያንኑ ባዶ ሳህን ሦስቴ ጠርጎ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ነው የሳቅ ነገር እንዳልሆነ የገባኝ። ዛሬ ተጣልተው ከተነሱ አይመለሱም።

ቪዲዮው ጀመረ። መኪናው... አበባው... ከዚያ የአዳራሹ በር ተከፈተና ሁለት ለስላሳ ሴቶች ጎን ለጎን ገቡ።

የብርቱካኑ ልጣጭ ሲወድቅ ሰማሁት።

«እነዚህ ልጆች የማን ወገን ናቸው?» አለ አጎቴ፣ ከልቡ።

እኔ ምንጣፉን አየሁ። ከዚያ የባሰው መጣ። ቪዲዮው ላይ አጎቴ ኬክ ይዞ በእማዬ ፊት ያልፋል። ክቡ እማዬን ለቆ እሱ ላይ ዘለለ። እንዴት አመለጠኝ? ሽበቱ ቀለጠ፣ የጎደጎደው ጉንጩ ሞላ፣ ጺሙ ጠፋ። አንድ ትልቅ ሕፃን ኬክ ይዞ አለፈ። እማዬ ደግሞ ከኋላው በራሷ ፊት ብቅ አለች፣ ከዚያ ቶሎ ለሰለሰች።

አጎቴ ብድግ አለ። «እኔ ነኝ?» ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። «ይሄ እኔ ነኝ?»

አባዬን ብርቱካኑ ትን አለው። ትንሹ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሙሽሪት የወጥ ቤቱን በር ይዛ ተንበረከከች። እኔማ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል።

ሳቁ ጋብ ሲል እማዬ ቀስ ብላ ወደ እቴጌ ዞረች። የእቴጌን አገጭ አየች። ቴሌቪዥኑን አየች። እንደገና አገጩን።

«አንቺም ሄደሻል?»

እቴጌ ፊቷ ቀላ። «አንቺስ?»

«ዓርብ።»

«እኔ ማክሰኞ።»

አንቺ ተባባሉ። ከሽምግልናው ጀምሮ እርስዎ ነበሩ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ሳቅሽብኝ?» አለች እማዬ። ድምጿ አነሰ።

«አንቺ ላይ የሳቅኩ መሰለሽ?» እቴጌ መሐረቧን አጣጠፈች፣ ዘረጋች። «ያ ሰውዬ ሲገባ እኔን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹የሙሽራው አያት፣ እንኳን ደስ አለዎት።› መታጠቢያ ቤት ገብቼ አልቅሼ ነው የወጣሁት። አንቺን እንዲያ ሲልሽ... እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ገባኝ። ሳቄ መጣ።»

«አያት?»

«አያት።»

«ይሄን እስከዛሬ አትነግሪኝም?»

«እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?»

እማዬ ከንፈሯን ነከሰች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ልነሳ ስል ሳቋ ፈነዳ። እቴጌም ተከተለች። አጎቴን እየገፉ ተጠጋጉ፤ እሱም ሳህኑን ይዞ ሌላ ወንበር ፈለገ። ቪዲዮው አልቆ ቴሌቪዥኑ ጠቁሮ እንኳ ሁለቱ «አያት» እያሉ ይስቁ ነበር።

ትንሹ በረንዳ ላይ አቀፈኝ። አጥንቴ እስኪንቋቋ አቀፈኝ።

የካቲት 14

ጠዋት እማዬ ደወለች። «የኔን ፊት መልሺልኝ። የሷን አገጭ ግን ተይላት፣ ደስ ይላታል።»

ትንሽ ቆይታ እቴጌ። «የኔን መልሺው ልጄ። የእናትሽን ግንባር ግን አትንኪባት።»

ሁለቱንም መለስኩ። ክቡን ሳነሳው መስመሮቹ አንድ በአንድ ቦታቸው ተመለሱ። ሙሽሪትም ወጣት ሆነች። እኔ ራሴ ጥግ ላይ አፌን ከፍቼ ሳለቅስ አለሁ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ። የራሴን በድብቅ አለስልሼ ነበር። እሱንም መለስኩት።

ከሰዓት አጎቴ ደወለ። የሱ እንዳይመለስ። እንዲያውም ያቺን ቁራጭ ለብቻዋ በስልክ ላኪልኝ አለ። ላክሁለት።

መጋቢት 5

እማዬና እቴጌ ሐይቅ ዳር ሄደዋል፣ ሁለቱ ብቻ። ትናንት ስደውል የእማዬ ስልክ ተይዟል። የእቴጌም ተይዟል። እርስ በርስ ነበር የሚያወሩት፤ ለካ ስለ መዋኛ ልብስ እየተማከሩ ነው። መዋኛ ልብስ። እማዬ። እስካሁን ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

አባዬ ነጠላ ጫማውን በላስቲክ ይዞ እኔ ቤት መጣ።

«ይታረቁ አልኩ እንጂ ጠቅልላ ትውሰዳት አልኩ?»

ሻይ አፈላሁለት። ስልኩን ያያል፣ ያስቀምጣል። እንደገና ያያል። በመጨረሻ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሬ ሳበ።

«እስቲ ያን ሰርግ ክፈቺልኝ።»

«የቱን? ለስላሳውም አለ።»

አሰበበት። ሻዩን ፉት አለ።

«ለስላሳውን ተይው፣ ያቺኛዋ ገና አላገባችኝም። ሚስቴን ክፈቺልኝ።»

ከፈትኩለት።