ሁለተኛው ሳሙና

ይድረስ በአካል ከራቅኋት፣ በሐሳብ ግን አንድ ቀን ካልተለየኋት ከታላቅ እህቴ እጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ቡሬስ እንዴት ይዞሻል? እኛ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ ደኅና ነን። እናታችን አለች። ዓይኗ ደከም ብሏል እንጂ ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል፤ ቅዳሴ ላይ ዜማ ስስት ቤት እስክገባ ጠብቃ ትነግረኛለች። ከብቶቹም ደኅና ናቸው፣ ድንቹም ዘንድሮ ጥሩ ነው። ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲህ ይባላልና ነው ያልሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ያልጻፈ ሰው ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል።

ከልጅቱ ልጀምር። ይህን ወረቀት ያቀበለችሽ፣ አሁን ፊትሽ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ የምታኝከው ልጅ ውዳሴ ትባላለች። ባለፈው ወር እግሯን ስታጥቢያት ስሜ ሰብለ ነው፣ አባቴ ተስፋው ይባላል፣ የመጣነው ከጅጋ ነው ብላሽ ነበር። አትቆጫት፤ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ልጄ ናት፣ የወንድምሽ ልጅ። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ውሸት አይሆንላትም። ስሟን ስትጠይቂያት መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ዞር እንዳለች አስተውለሽ ይሆናል። ከግድግዳው ኋላ የነበርሁት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደመጣን ልንገርሽ። ከመስቀል በኋላ ልጅቱ ማታ ማታ እግሬን አቃጠለኝ ማለት ጀመረች። በጣቶቿ መካከል ያሳክካታል፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የግራ እግሯ ጀርባ አብጦ ይታያል፣ ጠዋት ይጎድላል። እናቷ ሀብትነሽ ብርድ ነው አለች። እኔ ግን ገና ማሳከክ ሲጀምራት ዐወቅሁት፤ ካንቺ እግር አይቼዋለሁና። ጸበል ወሰድኋት። እዚያ በሰነበተችበት ጊዜ እግሯ በየቀኑ ስለሚታጠብ ነው መሰለኝ ሻል አላት፤ ቤት ስትመለስ ያው ሆነ።

ጫማ ነበራት። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። አምና ለፋሲካ ከጅጋ ገበያ ጥሩ ሸራ ጫማ ገዝቼላት ነበር፤ እንዳታበላሺው፣ መንገዱን በባዶ እግርሽ ሂጂና ትምህርት ቤቱ በር ላይ አድርጊው ብዬ የመከርኋት እኔው ነኝ። ታውቂው የለ፣ እኛ ጫማ የምናደርገው ለሰው ፊት ነው እንጂ ለአፈሩ አይደለም። ልጅቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀዩን አፈር ስትረግጥ ትሄድና፣ እግሯን በቅጠል ጠርጋ፣ ንጹሕ ጫማ አድርጋ ክፍል ትገባለች። ጫማው ያኔ ስወስዳት እንኳ እንደ አዲስ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ውሰዳት አለችኝ። ቅርቡ ፍኖተ ሰላም ነበር። ግን ፍኖተ ሰላም የሚያውቀኝ ሰው መዓት ነው፤ የቄሱን ልጅ ዝሆኔ ያዛት ከተባለ ነገ የሚያጫት አይገኝም። ስለዚህ የሚያውቀኝ የሌለበት ከተማ ፍለጋ ፍኖተ ሰላምን በሚኒባስ አልፌ ቡሬ ገባሁ። መስቀሌን ኪሴ ከተትሁ፣ ጥምጥሜን ፈትቼ ከረጢት ውስጥ አደረግሁ፣ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብሁ። በዚያ የበጋ ፀሐይ ጋቢና ቦቲ ጫማ። የባጃጁ ሹፌር አባቴ፣ ጎርፍ መጣ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። እኛም አገር ይስቁብኛል፤ በጋም ክረምትም ስለማላወልቀው ባለ ቦቲው ቄስ ነው የሚሉኝ። ለጭቃ ነው እያልሁ አልፋቸዋለሁ።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ቆርቆሮ ቤት ሰዎች ሳፋ ሳፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ልጅቱን አስገብቼ እኔ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። ከዚያ ድምፅሽን ሰማሁ። ውኃው ለብ ያለ ይሁን እያልሽ ነበር። ሳሙናው በጣቶቻችሁ መካከል ይግባ፤ በረኪናው በክዳኑ አንድ ብቻ ይበቃል፤ ማድረቁን አትርሱ፣ እርጥቡን የቀረ እግር እንዳልታጠበ ነው፤ ከዚያ ቫዝሊን፣ ካልሲ፣ ጫማ፤ በየቀኑ፣ እህል እንደምትቀምሱ በየቀኑ። ያን አነጋገር ዐውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ዳዊት ስደግም ስሳሳት በዚያ ድምፅ ነበር የምትቆጪኝ፤ ያኔ ገና ፊደል ሳትቆጥሪ ከእኔ ቀድመሽ በቃልሽ የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። ወለጋ ገባች፣ ነቀምት ላይ ሞተች ነበር የተባልነው። ግድግዳው ሥር ቁጭ አልሁ።

ቀጥለሽ ይህ በሽታ ከሰው ሰው አይጋባም አልሽ። እርግማን አይደለም፣ የሞተ እባብ ከመርገጥም አይመጣም፤ ዘመን ሙሉ በባዶ እግር ከሚረገጥ አፈር ነው። አፈሩ የማይስማማው ቤተሰብ አለ፣ እሱም ቢሆን ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ይድናል፤ በአንድ ኩባያ ጠጡ፣ በአንድ መደብ ተኙ አልሽ። ኩባያ ስትይ ድምፅሽ ቆም አለ፣ ወይም ለእኔ መሰለኝ።

እታለም፣ ወደዚያ ነገር ልምጣ። እግርሽ ባበጠበት ዓመት፣ የታጨሽለት ቤት ሽማግሌ ልኮ ቃሉን ባፈረሰ ሰሞን፣ የውኃ ኩባያሽ እጀታ ላይ ጥቁር ክር ታስሮ አገኘሽ። ከሌላው ዕቃ እንዲለይ የታሰረ ክር። ክሩን አይተሽ፣ ቀና ብለሽ እናታችንን እንዳየሻት አስታውሳለሁ። ውኃሽን ጠጣሽ፣ ኩባያውን አጥበሽ ደፋሽው፣ በሳምንቱ ገበያ ልሂድ ብለሽ ወጣሽ፣ አልተመለስሽም።

ክሩን ያሰርሁት እኔ ነኝ። እናታችን አይደለችም። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ዲቁና ከተቀበልሁ ገና ወር አልሞላኝም፤ አካሉ ነውር ያለበት መቅደስ አይገባም ሲባል ሰምቼ ነበርና ከኩባያሽ ይጋባብኛል ብዬ ፈራሁ። ከቡልኮዬ ጫፍ የመዘዝሁት ክር ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ እናታችን ማን አሰረው ብላ ስትጠይቅ ዝም አልሁ። ቄስ ሆኜ የስንቱን ንስሐ ስሰማ የራሴን ለማንም አልተናገርሁም። በእናትሽ ተከፍተሽ ሃያ ሁለት ዓመት እንደኖርሽ ሳስብ አፍራለሁ፣ በጣም አፍራለሁ።

ያ ኩባያ ዛሬም አለ። እናታችን ካንቺ በኋላ በሌላ ዕቃ ውኃ ጠጥታ አታውቅም። ጠርዙ ዝጓል፣ ክሩን ግን አልፈታችውም፤ ያሰረው ይፍታው ትላለች። ከቡሬ የተመለስን ዕለት እግሯ ሥር ተቀምጬ ሁሉን ነገርኋት። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን፣ በሕይወት አለች በለኝ እንጂ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስላንቺ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ጫማ ታደርጋለች ወይ ብላ ነው። ክሩን እስካሁን አልፈታሁትም፤ አንቺ ባለሽበት ልፍታው ብዬ ነው።

ውዳሴ ያልሻትን ሁሉ ታደርጋለች። ማቃጠሉ ቀርቷል፣ እብጠቱም ጎድሏል፤ በጣትሽ ተጭነሽ ራስሽ እይው። ጫማው አሁን አርጅቷል፣ ደስ ይለኛል። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው የሚሄዱ ጓደኞቿን መንገድ ላይ እያስቆመች ትቆጣቸዋለች፤ ሳያት አንቺን ነው የምትመስለኝ።

ሁለት እሑድ ሆነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ካንቺ የሰማሁትን ለሕዝቡ ተናገርሁ። ካልሲ ጫማ አይደለምና እግሩን የሚያመው ንጹሕ ካልሲ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ይግባ አልሁ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ቅር ብሏቸው፣ ይህን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘኸው አሉኝ። በማግስቱ እሳቸው ራሳቸው ባለቤታቸውን ይዘው ቤቴ መጡ፤ ሴትዮዋ እግራቸውን ለስንት ዓመት በቀሚስ ሸፍነው ኖረዋል። በዚያ ሳምንት ሰባት ሰው መጣ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኋቸው፣ አንድ ነገር ብቻ ለራሴ አስቀረሁ።

ጸሎተ ሐሙስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እንደምታውቂው በዚያ ቀን ቄስ የሕዝቡን እግር ያጥባል፤ እኛ አጥቢያ ይህን የማደርገው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ወደ ኋላ የሚሸሹ ነበሩ፣ ለምን እንደሚሸሹ እያወቅሁ ዝም እላቸው ነበር። አጣቢ መሆን ይመቻል፤ እግርህን አሳይ የሚለው የለም። ዘንድሮ ፊተኛው ወንበር ላይ አንቺ ብትቀመጪና አገር እያየ እግርሽን ባጥብ እወዳለሁ። ሰባቱም ካንቺ ቀጥለን እንቀመጣለን ብለውኛል። ያን ቀን እናታችን ደጀ ሰላሙ ላይ ሆና ትጠብቅሻለች። አልመጣም ብትዪ አልቀየምሽም። መከፋት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ይቅር በይኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ዕለት ለሁሉም አንድ አንድ ሳሙና ስትሰጪ ለልጄ ሁለት ሰጠሻት። ይህስ የማን ነው ብትልሽ፣ ውጭ ለቆሙት ለባለ ቦቲው ስጫቸው፣ ፈርተዋልና ግቡ አትበያቸው፣ ቤታቸው ይታጠቡበት አልሻት። መንገዱን ሙሉ ተናደድሁብሽ። ማን መሆኔን ዐውቀሽ ይሁን፣ አረማመዴን ብቻ አይተሽ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የውዳሴ ሳሙና ገና እኩሌታው አለ። ሁለተኛው ግን አልቋል፤ የትልቅ ሰው እግር ሳሙና ይፈጃል።

ይህን ስታነቢ እኔ በሩ ላይ ነኝ። ዛሬ ጥምጥሜን ጠምጥሜያለሁ፣ መስቀሌንም በእጄ ይዣለሁ፤ ቦቲዬን ግን አውልቄ አጠገቤ አቁሜዋለሁ። ብትጠሪኝ እገባለሁ። ባትጠሪኝም ልጅቱን እጠቢልኝ፣ እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ።

የብዙዎችን እግር ያጠቡ እጆችሽን እግዚአብሔር ይባርካቸው። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የእናታችንን ዓይን ለዓይንሽ ያብቃው።

ታናሽ ወንድምሽ