በየትኛው ሀ?

ጥር 6

ዛሬም እንደ ትናንቱ። አቧራ፣ ማስነጠስ፣ ማኅተም።

አራት ኮምፒውተር በአንድ ሽቦ ተያይዘዋል። አንዱ መዝገብ ከከፈተ ሌላው ያንኑ መክፈት አይችልም፤ «በሌላ ሰው ተይዟል» ይላል። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ አንዱን ከፍቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ እትዬ ስክሪኑን በማስመሪያ እየቆረቆሩ «ማነው የያዘው? ልቀቅ በሉት!» ይላሉ።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም እትዬ፣ ሰይጣን ይሆናል።»

«እሱማ ፊቴ ቆሟል።»

እትዬ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ይዘዋል። የማን ፋይል የት መደርደሪያ እንዳለ ጣታቸው ያውቀዋል። ለጡረታ ሰባት ወር ቀራቸው። እኔ? ከዘጠነኛ ክፍል የኮበለልኩ ጸሐፊ። የያዙኝ ጣቴ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ነው። እህቴ መምህርት ናት፣ ይሄን ደብተር ብታገኘው በቀይ ትሞላዋለች። አታገኘውም።

ኃላፊው ሰበሰበን። «አዲስ ዳታቤዝ እንገዛለን። የሚመርጠው ተጠቃሚው ነው።» ተጠቃሚው እኛ መሆናችን ነው... እስካሁን ምን ተጠቅመን? ኃላፊውን እኔ «ክራባት» ነው የምለው። ክራባቱ ላይ የሳምንቱ ምሳ በሙሉ አለ። ገጽ ሲገልጥ ጣቱን ይልሳል። እሱ የነካውን ወረቀት በጥፍሬ ጫፍ ነው የማነሳው።

ጥር 9

ሦስት ዓይነት ቀርቧል። ስማቸው ምላሴን ስላሰረው በስክሪናቸው ቀለም ጠራኋቸው። አረንጓዴው፣ ሰማያዊው... ሦስተኛው ሻጭ የለውም፣ በነጻ ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ ነጻው። እሱን የጫነው የኮምፒውተር ባለሙያችን ቀጮ ነው። ቀጮ ወደ ጎን ከዞረ አይታይም።

ሊያስረዳን ቆመ። «ሦስቱም ተዛማጅ ዳታቤዝ ይባላሉ። አንዱ ሠንጠረዥ የባለጉዳይ ስም ይይዛል፣ አንዱ መዝገብ፣ አንዱ ቀጠሮ። በቁጥር ይዛመዳሉ።»

«በእናት ነው በአባት?» አልኩት።

«በቁጥር አልኩሽ።»

«ሲጣሉስ ማን ያስታርቃቸዋል?»

ጆሮው ቀላ። ሁሉም ሳቀ፣ እትዬ ብቻ አልሳቁም። «ስሙ በስህተት ከገባስ?» ብለው ጠየቁት። ቀጮ አፉን ሲከፍት ክራባት ሰዓቱን አየና «ዝርዝሩ በሪፖርት ይቀርባል» አለ። ቀጮም አፉን ዘጋ።

ጥር 14

የአረንጓዴው ሻጭ መጣ። መጀመሪያ ሽቶው ገባ፣ ከዚያ እሱ።

ቦርሳ አደለን። እስክሪብቶ፣ ኮፍያ። እኔም ተቀበልኩ፣ ምን ልዋሽ። አረንጓዴው ከተመረጠ ኃላፊው ለሥልጠና ሁለት ሳምንት ውጭ አገር እንደሚሄድ እግረ መንገዱን ጣል አደረገ። ወዲያው ክራባት ስክሪኑን ትኩር ብሎ አይቶ «ቀለሙ ያረጋጋል» አለ። ሣር ያየ በግ ነው እንዴ?

ሰውየው ጨብጦኝ ሄደ። ሦስቴ ታጠብኩ። አልለቅ አለ። ምሳዬን ከነሽቶው በላሁ። ቱ!

ጥር 15

የቦርሳው ማንገቻ ተበጠሰ። አንድ ቀን ቆየ።

ጥር 21

ከሦስት ቀን በፊት ለሙከራ ሦስት መቶ መዝገብ አረንጓዴው ውስጥ ይግባ ተባለ። ማን ያስገባል? እኔ።

ከዚህ በኋላ ፋይል በስም ተራ አይደረደርም፣ አረንጓዴው በሰጠው ቁጥር ነው። እትዬ መደርደሪያቸው ሲፈርስ ቆመው አዩ። ቤታቸው የሚፈርስባቸው ሰው ነበር የሚመስሉት።

«እኔ አንዱን ልፈልግ ብልስ?» አሉ።

«ኮምፒውተሩን ይጠይቁት» አላቸው ክራባት።

«አያውቀኝም እኮ።»

ሳቅሁ። ከዚያ አስጠላኝ። በእርሳቸው ነው የሳቅሁት ወይስ አብሬያቸው?

ሦስት መቶውን በሁለት ቀን ተኩል ጨረስኩ። ማንም አልደረሰብኝም። ቀጮ «ቀስ በይ» ሲለኝ «አንተ ወፍር መጀመሪያ» አልኩት።

ጥር 28

ቅጽ ታደለ። «የተጠቃሚዎች ተሞክሮ መግለጫ»። ሰማያዊውን ከኔ በቀር የከፈተው የለም፣ ሁሉም ግን ሞላ። ያኛው ከዚህኛው ይገለብጣል፣ ይሄኛው ከዛኛው። አጠገቤ ያለችው ጸሐፊ የነጻውን ፍጥነት «መካከለኛ» ብላ ጻፈች። ነጻው እሷ ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም!

ደሜ ፈላ። እኔም ሞላሁ። «አረንጓዴው ሥራዎን እንዴት አቀለለልዎ?» ለሚለው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አረንጓዴውን ከጀመርኩ ወዲህ ወገቤን አያመኝም፣ እንቅልፌ ተስተካክሏል፣ አማቴም ወዳኛለች።»

አላገባሁም። አማት ከየት ይመጣል? ያነበበው ሰው ጠርቶ እስኪቆጣኝ እጠብቃለሁ።

የካቲት 3

አልተቆጣም። ክራባት ሪፖርቱን ቆሞ አነበበው። «አንዲት ተጠቃሚ በጤንነቷና በቤተሰብ ሕይወቷ ሳይቀር ለውጥ ማየቷን ገልጻለች።»

ተጨበጨበ። በእግዜር... ተጨበጨበ! እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ እስክሪብቶ የምፈልግ መሰልኩ። አረንጓዴው ተመረጠ፣ ውሉ ተፈረመ። የቀጮ ሪፖርት አሥራ አንድ ገጽ ነበር፤ አንዱም ገጽ አልተገለጠም። እንዳልተገለጠ በምን አወቅሁ? ምራቅ የለበትም።

ማታ ራት ላይ ለእህቴ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

«እና አሁን በአንቺ አማት ምክንያት ነው የተገዛው?» አለችኝ።

የካቲት 7

ልብስ ሰፊዋ መጣች። ልጇን አባቱ ወስዶባት ስንት ጊዜ የተመላለሰች ሴት ናት። ዛሬ ዳኛው ሊወስኑላት ነበር። ፋይሉ ጠፋ።

እትዬ ስሟን ከመታወቂያዋ እያዩ በአንድ ጣታቸው ጻፉ። አረንጓዴው «የለም» አለ። እንደገና። «የለም»። ዳኛው በመልእክተኛ ሦስት ጊዜ አስጠየቁ። በድሮው መደርደሪያ ቢሆን እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ያወጡት ነበር። አሁን መደርደሪያው ሁሉ ተደበላልቆ ስምንት ሺህ ፋይል በማን ቁጥር ይፈለግ?

ቀጠሮው ለሁለት ወር ተዛወረ። ሴትየዋ አልጮኸችም። ለልጁ የያዘችውን ሹራብ አጣጥፋ ወደ ፌስታሏ መለሰችው። ምነው በጮኸች።

የካቲት 8

ለእትዬ ደብዳቤ ደረሳቸው። «መዝገብ በመሰወር ተጠርጥረው...» ይላል። መሰወር! እዚህ ቤት ፋይል ሰወረ ማለት ከባላጋራው ወገን እጅ መንሻ በላ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከነገ ወዲያ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ። ከተፈረደባቸው ይባረራሉ፣ ጡረታቸውም አብሮ ይሄዳል።

ሠላሳ አንድ ዓመት። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱት። ትናንት አብረዋቸው ዳቦ የቆረሱ ሁሉ ዛሬ ዞር ብለው ያልፏቸዋል። ሰው ያስጠላል።

አንድ ቀልድ ልነግራቸው ፈልጌ አንድም አልመጣልኝም።

የካቲት 9

ምሳ ሰዓት። ቢሮው ባዶ። ወንበሬ ላይ ብቻዬን።

ትዝ አለኝ... የልብስ ሰፊዋን መዝገብ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በስሟ ውስጥ ሀ አለ። እኔ ደግሞ ሀ በመጣ ቁጥር ጣቴ የሚቀርበውን ነው የምመታው። ሦስት ሀ አለ፣ ማን ሺፍት ሲጫን ይውላል? እህቴ ስትቆጣኝ «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» ትላለች። እኔ «ሲጠሯቸው ሦስቱም አቤት ይላሉ» እላታለሁ።

እትዬ በብዙኃኑ ነው የፈለጉት፣ እንደ መታወቂያዋ። እኔ በሃሌታው ጻፍኩ።

ከች! ቁጥር 212። ሄድኩ። ከላይ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ተጋድሟል፣ ምንም እንዳልሆነ።

ላነሳው እጄን ሰደድኩ። አንዱ ሐሳብ ምን አለኝ? ቀስ ብለሽ ጠረጴዛቸው ላይ አድርጊው፣ «ተገኘ» ይባላል፣ አለቀ። ግን ምን ይባላል? እትዬ ፈርተው መለሱት ነው የሚባለው። ሌብነቱ ይጸናባቸዋል።

ፋይሉን ቦታው ላይ ተውኩት። ራሴን ጠላሁት። ክራባትን ከምጠላው በላይ።

የካቲት 10

ኮሚቴው ፊት ሳልጠራ ገባሁ። እትዬ ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ።

«ፋይሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ። ሦስቱም የኮሚቴው አባላት። «ልጅት፣ ዛሬ እንኳ ቀልድሽን ተይን» አለ ክራባት።

ይሄው። ስቀልድ ያምኑኛል፣ እውነት ስናገር ይስቃሉ።

«እየቀለድኩ አይደለም። ስሟን ተሳስቼ ነው ያስገባሁት። ኑና ላሳያችሁ።» ድምፄ ተሰበረ፣ ያኔ ነው የተነሡት። ኮምፒውተሩ ጋ ከበቡኝ። በብዙኃኑ ጻፍኩ፤ «የለም»። በሐመሩ፤ «የለም»። በሃሌታው፤ 212። ቀጮ ሮጦ ፋይሉን አመጣው።

ቀጮ ሳይጠየቅ ነጻውን ከፈተና ያንኑ ስም በሦስቱም ሀ ጻፈው። ሦስቱም ጊዜ ወጣች። «ሦስቱን እንደ አንድ እንዲቆጥር አድርጌዋለሁ። አልፋውን «አ» እና ዐይኑን «ዐ»ም፣ ሁለቱን «ሰ»ም። ሪፖርቴ ገጽ አራት ላይ አለ» አለ።

ክራባት ክራባቱን አስተካከለ። «ውል ተፈርሟል። ደግሞም ስህተቱ የሲስተሙ አይደለም። የፊደሉ ነው።»

የፊደሉ! እኔ ነኝ ያለ ሰው ፊደል ከሰሰ።

«ያ ቅጽም ቀልድ ነበር» አልኩት። «አማት የለኝም።»

«አንዴ ተመዝግቧል።»

የእትዬ ደብዳቤ ተሰረዘ። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ፈረምኩ። የልብስ ሰፊዋን ቀጠሮ ወደ ፊት ለማምጣት ዳኛው እሺ ብለዋል፤ ይሄ ብቻ ነው ደስ ያለኝ።

ኮሪደሩ ላይ እትዬን ተከተልኳቸው። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ቆሙ፣ ግን አልዞሩም። «በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ብሎኝ የሚያውቅ አልነበረም። በአንቺ ጣት ተባልኩ።»

ሄዱ። እኔ ቆሜ ጣቴን አየሁ።

የካቲት 13

እትዬ ሰላም አላሉኝም። እኔም ማንንም በቀልድ አልነካሁም። ቀጮ «አሞሻል?» አለኝ።

የካቲት 17

ክራባት ነገ ይበራል፣ ለሥልጠናው። ከመሄዱ በፊት ማስታወቂያ ለጥፏል። ቃል በቃል ልገልብጠው፦

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መሥሪያ ቤት ሃሌታው ሀ ብቻ ሥራ ላይ ይውላል። ሌሎቹ ሁለቱ እስከ ተጨማሪ ማስታወቂያ ድረስ ታግደዋል።»

ፊደል አገደ! ከሥራና ከደመወዝ ማለቱ ነው? ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር ደግሞ በትልቁ «ኃላፊ» ይላል። በታገደው!

አጠገቤ የአንድ ሰው ትንፋሽ ተቆራረጠ። ዞር ብል እትዬ ናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

«ራሱን አገደ» አሉኝ። «አይደል?»

«ራሱን ነው ያገደው እትዬ።»

ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ነይ፣ ወንበርሽን ወደዚህ አምጪ» አሉኝ። አመጣሁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስሙን በየትኛው ሀ እንደሚጽፍ በቃላቸው ያውቁታል፤ አንድ በአንድ ይነግሩኝ ጀመር። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፣ ራሴን ያዞረኛል። ግን ሰማሁ።

የካቲት 24

ስምንት ሺውን ፋይል አምስት ጸሐፊ እየተቀባበለ አስገባው። ግማሹ ከእገዳው በፊት፣ ግማሹ በኋላ። ግማሹ እንደ መታወቂያው፣ ግማሹ እንደ ጣቱ። አረንጓዴ ገደል ነው። ቀጮ ሻጩ ጋ አሥር ጊዜ ደወለ። «በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል» ይለዋል። ድምፁ ራሱ ይሸታል።

ዛሬ መስኮቱ ላይ እኔ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ መጡ። ስማቸውን ከነአባታቸው ነገሩኝ። መታወቂያቸው ረጥቦ ደርቆ ፊደሉ ጠፍቷል። ስማቸው ላይ አንድ ሀ፣ አባታቸው ላይ አንድ ሀ።

«አባባ፣ በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው?»

«ምን?»

«ሦስት አለ። የእርስዎ የትኛው ነው?»

አሰቡ። «እናቴ ስትጠራኝ አንድ ነበር» አሉ።

ሌላ ጊዜ ይሄን ይዤ ሳምንት እስቅበት ነበር። ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ሦስት ለእሳቸው፣ ሦስት ለአባታቸው... ዘጠኝ መንገድ። አንዱን ጻፍኩ፤ «የለም»። ሁለተኛ፤ «የለም»። ሰውየው ፊቴ ቆመው ይሄ ጉድ «የለም» ይለኛል። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ «ነገ ይመለሱ በያቸውና ገላግዪን!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ነገ ተመለስ» አልኩት። ፊቴን ሳላዞር።

አምስት። ስድስት። ሰባት። ከኋላዬ እትዬ መሰላሉን ይዘው ተነሥተዋል፣ ቁጥሩን እስክጠራላቸው።

ስምንተኛው ላይ ወጣ።

«አሉ አባባ!» አልኳቸው።

«አለሁ እንጂ» አሉኝ፣ ትንሽ ተቆጥተው።