ገለባ ብዬ የጣልኩት እንግሊዝኛ

ኅዳር 3፣ 1977
ዛሬም ጨውና ክብሪት ስሸጥ ዋልኩ ልል ነበር... አልዋልኩም! ጓድ ወሰኔ ሱቄ ድረስ መጣ። ልጅ ሆኖ አፍንጫውን የጠረግኩለት ወሰኔ፣ ዛሬ የቀበሌ ሊቀመንበር።
«እትዬ አመተሥላሴ፣ አሥረኛ ክፍል ደርሰሻል አይደል? የእርዳታዋ ነርስ አስተርጓሚዋ ታሞባታል። ነይ ተርጉሚላት።»
ሳይጨርስ እሺ አልኩ። ባሌ ሳቀብኝ። «በአማርኛው መች ዝም አልሽና!» እውነቱን ነው። ግን እንግሊዝኛ ካወራሁ ስንት ዘመኔ?

ኅዳር 4
ምን ዓይነት ቋንቋ ነው ይሄ! ደብረ ብርሃን ያስተማረኝ ሕንድ መምህር «ሙሉ ዓረፍተ ነገር!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር። ነርሷ ሲስተር ጆይስ አንድም ሙሉ የላት። «ዌል...» ትላለች። ዝም። «ኧ... አይ ሚን...» ትጀምርና ትተወዋለች። ሌላ ታነሳለች፣ እሱንም ትተወዋለች። ከሹፌሯ ጋርማ ሁለቱም ባንድ ጊዜ! እሱም ፈረንጅ ነው። ማን ማንን ይሰማል? ግን ይግባባሉ፤ ይሳሳቃሉም።
እኔ በጨዋ ደንብ ጸጥ ብዬ አዳመጥኳት። መሃል ላይ አቁማ «እየሰማሽኝ ነው?» አለችኝ። ለካ እነሱ እየሰሙ «ም... ያ... ም...» ማለት አለባቸው። አዎን ለማለት ትንፋሼን ሳብ ባደርግ ደግሞ ክው አለች። ደረቴን ያመመኝ መስሏት ማዳመጫዋን አነሳች! ሳቃችን አላባራ አለ።
ዘዴውን ግን አገኘሁት። ያን «ዌል... አይ ሚን...» እንደ ገለባ አራግፎ ፍሬውን ማቀበል። ወሰኔ «እንደ ሬዲዮ ጥርት ያለ ነው» አለኝ። ደስታው መቀመጫ አሳጣኝ፤ ስንጎራደድ ዋልኩ።

ኅዳር 6
ይዘንጋሽ የምትባል ሴት ከጓሳ ማዶ፣ የቀን መንገድ ተጉዛ መጣች። ልጇን ጥሩሸዋን በበቅሎ ጭና። የልጅቱን ዓይን እሾህ ወግቶት አብጧል። ሲስተር ቅባት አደረገችላት። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ካልደረሰች ግን ዓይኗ ይጠፋል። የእርዳታው መኪና ደግሞ እህል ሊያደርስ ሄዷል።
መቼ ይመለሳል? አልኳት ሲስተርን። «ዌል... ሰኞ... አይ ሰፖዝ... ዩ ኖ...»
ይዘንጋሽን «ሰኞ ይወስዳችኋል» አልኳት።
ጉልበቴን ልትስም ዝቅ አለች። ሌሎቹን ልጆቿን ለእህቷ አደራ ሰጥታ፣ ስንቅ ይዛ ልትመለስ ከጥሩሸዋ ጋር ሄደች።

ኅዳር 8
መኪናው ዛሬ መጣ። ቅዳሜ!
«ልጅቱ የታለች?» ሲስተር።
«ሰኞ ብለሽ!»
«ኧረ እኔ... ሳላውቅ እኮ ነው... መሰለኝ ነው ያልኩት...»
ጓሳ ማዶ ማን ይድረስ? መኪናው ሌሎች በሽተኞች ጭኖ ሄደ። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ኅዳር 10
እናትና ልጅ ብርድ ሲያንቀጠቅጣቸው ደረሱ።
«ሰኞ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? እንደ ንስሐ አባቴ አምኜሽ!»
ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ።
ባሌ «እንግዲህ... እስቲ...» ካለኝ እንደማያደርገው አላውቅም? ታዲያ የፈረንጇን «ዌል... አይ ሰፖዝ...» ለምን ጣልኩት? ፈረንጅ አይጠራጠርም ያለኝ ማነው?
ስለሚቀጥለው መኪና ጠየቅን። ሲስተር እንደ ልማዷ ዌል አለች፣ ተወች፣ ጀመረች። እኔም፦ «እንግዲህ... እ... ዓርብ ሳይሆን አይቀርም ትላለች። ማለት... ቀደምም ሊል ይችላል... እሷም እንጃ ነው የምትለው።»
ወሰኔ ተቆጣ። «ምን ያንተባትብሻል? ሬዲዮው ተበላሸ?»
ይዘንጋሽ ግን አተኩራ አየችኝ። «እንዲህ ከሆነማ ወደ ቤቴ አልመለስም። ከደጅሽ አልነቃነቅም።»
ወደ ቤቴ ይዣቸው ገባሁ።

ኅዳር 12
ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜም ጆሮዬ መንገድ ላይ። ሞተር ነው? ንፋስ ነው። የጥሩሸዋ ዓይን መግል ይዟል። መኪናው ባይመጣስ?

ኅዳር 13
መጣ! ሐሙስ፣ ገና ቁርስ ሳንቀምስ። ይዘንጋሽ ነጠላዋን እንኳ መንገድ ላይ ነው ያጣፋችው። ጓሳ ሄዳ ቢሆን... ተይ፣ አመተሥላሴ።

ታኅሣሥ 9
ከሆስፒታል ተመለሱ። እብጠቱ ጠፍቷል፤ ዓይኗ ላይ ግን ነጭ ጠባሳ አለ። ሲስተር የልጅቱን ደህና ዓይን በመዳፏ ሸፈነችና፣ ምን ይታይሻል በያት አለችኝ። ጠየቅኋት።
ጥሩሸዋ አንገቷን አዘነበለች። ይዘንጋሽ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ... እኔ እንኳ ዝም አልኩ!
«እ... እንጃ... ቀይ... የእትዬ ሻሽ... መሰለኝ...» አለች ጥሩሸዋ።
እጄ ወደ ሻሼ ሄደ። ቀይ ነው!
ሲስተር «ምን አለች? ምን አለች?» ትለኛለች።
«ኧ...» አልኩ፣ እንባዬ እየቀደመኝ። «ዌል... ሬድ... አይ ሚን... አይ ቲንክ...»
አንዱንም አልጣልኩ።