ባልሽ ያልሠራው ጥፋት

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ከስፌቱ ወንበር ስትነሺ ግድግዳ ያዝ አደርጋለሁ ብለሽኝ ነበር፤ አሁን ቀለል አለሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? የዓይኗን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ «ነገ» እያለች ታልፈዋለች? ልጆቹስ? የቤቱ ሰው ሁሉ ደህና መሆኑን ብሰማ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው፤ እሱን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት።

የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኝ አራት ጊዜ አነበብኩት። «ለባሌ ስለደከምክለት ብድሩን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ፣ አንተ ባትኖር ውርደቱ ከዚህም ይብስ ነበር» ብለሻል። ዝቅ ብለሽ ደግሞ የስፌት መኪናሽ ሞተር ሲንጫረር ባልሽ፣ ጋሼ፣ ሊያየው ቢነሳ፣ «ተወው፣ የሰማንያ ኮምፒውተር ቤት ያፈረሰ እጅ የእኔን መኪና አይነካም» እንዳልሽውና እሱም ተመልሶ እንደተቀመጠ ለጨዋታ ያህል ነግረሽኛል። እታለም፣ እኔ አልሳቅሁም። ወረቀቱን አጥፌ ትራስ ሥር ከተትኩት፤ እዚያም ሆኖ አላስቀምጥ አለኝ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምር። የምንሠራው ሥራ ምን እንደሆነ በወጉ ነግሬሽ አላውቅም፤ «ኮምፒውተር ላይ ነን» እያልኩ ነበር የማልፈው። መሥሪያ ቤታችን ለክሊኒኮች የቀጠሮ ፕሮግራም ያዘጋጃል። ፕሮግራሙ ከስድስት ሺህ በላይ ቁርጥራጭ አለው፤ አንዱ ትንሽ በተነካ ቁጥር ሁሉም እንደገና ተገጣጥሞ ይወጣል። ይህን መገጣጠም ቢልድ እንለዋለን። አንድ ኮምፒውተር ብቻውን ቢይዘው ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንድ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ስልሳ አራት ኮምፒውተሮች በመደርደሪያ ላይ ተደርድረው ሥራውን ይካፈሉት ነበር፤ አንድ ላይ ክላስተር ይባላሉ። አንቺ ሠላሳ ዩኒፎርም ሲታዘዝሽ አንዷን እጅጌ፣ አንዷን ኮሌታ፣ አንዷን ቁልፍ እንደምታሲዣቸው ማለት ነው።

ቁልፍ ተካይዋ ግን ጨርቁ ሳይቆረጥ መርፌ ብታነሳ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኛም ጋ የትኛው ቁራጭ የትኛውን መጠበቅ እንዳለበት በዝርዝር ይጻፋል። ያን ዝርዝር የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ማሽኖቹን የሚንከባከበው ደግሞ ጋሼ። ሥራ ቦታ «ጆሮ» እንደሚሉት ነግሮሽ ያውቃል? በር ላይ ቆሞ አዳምጦ «ከታች ሦስተኛዋ ማራገቢያዋ ሊሞት ነው» ይላል፤ ይሞታልም። ዲግሪ የለውም ብለው ከሚያሙት ውስጥ ይህን የሚችል አንድም የለም። ሌላም ልማድ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ ሁላችንም ትናንት የጻፍነውን ለውጥ አንድ በአንድ ያነባል፤ ሰው ጋዜጣ እንደሚያነበው። ማንም አላዘዘውም።

እኔ ከዓመት በፊት አንዲት መስመር ዘለልኩ። የሐኪሞቹን የሥራ ቀን የያዘው ሰንጠረዥ ሳያልቅ ቀጠሮ ሰጪው ቁራጭ እንዳይጀምር መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም። ማሽኖቹ ጥቂት ስለነበሩ ቀጠሮ ሰጪው ተራው እስኪደርስ ሰንጠረዡ ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቅ ነበር። ማንም አላወቀም፤ እኔም አላወቅሁም። ዓመቱን ሙሉ በዕድል ነው የኖርነው። በኋላ ጋሼ አሥራ ስድስት አዳዲስ ማሽኖች ጨመረና ሰማንያ ሞሉ። ተራ መጠበቅ ቀረ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሳ። ቀጠሮ ሰጪው ሰንጠረዡን ቢፈልግ አዲሱ ገና አልደረሰም፤ ያለፈው ወር ትርፍራፊ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀው፣ እሱን ይዞ ወጣ። ስህተት ሲኖር የሚበራው ቀይ ምልክት እንኳ አልታየም። በዚያ ሳምንት ሐኪም በሌለበት ቀን ተቀጥረው ደጅ ቆመው የዋሉ ሰዎች ከሁለት መቶ ይበልጣሉ፤ ከመካከላቸውም መንታ ልጆቿን አንዱን አዝላ አንዱን አቅፋ የመጣች እናት ነበረች ተብሏል።

ኃላፊያችን ብዙ አልመረመሩም። «ማሽኖቹ ሳይገቡ ደህና ነበር፣ ከገቡ በኋላ ተበላሸ፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አሉ። ጋሼ አዲሶቹን እንዲያወጣ ታዘዘ፣ አወጣ፣ ችግሩም ጠፋ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እኔ ግን ሆዴ አላመነም። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሳየው የጎደለችውን መስመር አገኘኋት።

እታለም፣ እዚህ ላይ ነው መጥፎነቴ። በእኛ ሥራ አንድ ሰው ለውጥ ሲያደርግ ምን እንደለወጠ አጠር አድርጎ ከነስሙ ይመዘግባል። እኔ ከዝርዝሩ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ትርፍ ባዶ ቦታዎች አጠፋሁ፣ መስመሯን በመካከላቸው ሸጎጥኳት፣ ምን እንደሠራሁ ለሚጠይቀው ሣጥን ደግሞ «ባዶ ቦታ ማጽዳት» ብዬ ጻፍኩበት። እንዲህ የሚል መዝገብ ማንም ከፍቶ አያይም። ተደናግጬ አይደለም ያደረግሁት፤ ወንበሬን ስቤ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ አስቤበት ነው።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። እኔም ተነስቼ «ሰው ነው፣ ይሳሳታል፤ ይቅርታ ይደረግለት» ብዬ ለመንኩ። አንቺ «ደከምክለት» ያልሽው ይህን ነው። ይሳሳታል ስል ጥፋቱን እሱ ላይ አትሜበት ተቀመጥኩ። ጋሼ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ አየኝ። በማግሥቱ አሰናበቱት።

ወደ እናንተ ሲመለስ መነኸሪያ ድረስ ሸኘሁት፤ ሻንጣውን እንኳ እኔ ነኝ የተሸከምኩለት፤ ደግነቴ ነዋ። አውቶቡሱ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ያችን መስመር አየኋት እኮ» አለኝ። እሱ ግን አልተቆጣም። «ለእህትህ እንዳትነግራት። እኔን ብትቆጣኝ ይበርድላታል። በአንተ ካዘነች ግን አይበርድላትም» ብሎኝ ገባ። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ቃሉን እንደ ፈቃድ ያዝኩት። ራሱ አትንገር ብሏል እያልኩ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የእሱን ጨዋነት ለእኔ ፍርሃት መደበቂያ አደረግሁት።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትይኝ እውነትሽን ነው። መዝገቡን ራሴ ከፈትኩና መስመሯን በጣቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ኮሪደር ደህና አደሩ እያልከኝ ስታልፍ ነበር» አሉኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት ለባልደረቦቼም ቆሜ ተናገርኩ። ከዚያ ከነካርቶናቸው ኮሪደር ላይ ተቆልለው የከረሙት አሥራ ስድስቱ ማሽኖች ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ገመዱን እኔ አልነካሁም፤ ጋሼ በእጁ በጻፈው ወረቀት መሠረት ነው ሌሎቹ የሰኩት። ሰማንያውም በአንድ ላይ ተነሱ። ድሮ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው በሠላሳ ስምንት ደቂቃ አለቀ፤ ሰንጠረዡም አዲሱ ነበር። የጋሼ ሥራ ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ይህን እያዩ ቆመው ነበር፤ አንድም ሰው ወደ እኔ አልዞረም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመሥሪያ ቤታችን ማህተም ያለበት ወረቀት ታገኛለሽ። ጥፋቱ የባልሽ እንዳልነበረ ይናገራል፣ ወደ ሥራው እንዲመለስም ይጠይቃል። መመለስ አለመመለሱ የራሱ ጉዳይ ነው፤ እንቢ ቢል አልፈርድበትም። የእኔ ነገር ሰኞ ይታያል። ስለ እኔ እንዳትጨነቂ፤ ጭንቀትሽን ለሚገባው አድርጊው። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አንብበሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳታስቀሪው። ሁሉም ባሉበት ጮክ ብለሽ አንብቢው። ልጆቹ አባታቸው ሥራ አበላሸ ሲባል ሰምተዋል፤ እንዳላበላሸም ከአንቺው አፍ ይስሙ። እኔን ለማዳን ብለሽ አንዲት ቃል እንዳትዘይ።

ለእማዬ «ጉልበትሽን ስሜያለሁ ይልሻል» በይልኝ፤ ስታለቅስ ግን «ለልጄ ነው» እንዳትል፣ ለአማቿ ታልቅስለት። ትልቋን ልጅ በፈተናዋ እንድትበረታ ንገሪያት፤ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አብረውሽ ለሚሰፉት ሦስቱ ሴቶች ሰላምታዬን አቅርቢ። አጥር ለአጥር ለሆኑት መምህርም እንዲሁ።

ጋሼ ከሄደ ወዲህ ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ያለፉትን ሦስቱን አውጥተሽ ብታዪ በአንዳቸውም ለእሱ ሰላምታ አልላክሁም። አንቺ ልብ አላልሽው ይሆናል፤ እሱ ግን ከጎንሽ ተቀምጦ ሲነበብ ሰምቷል፣ ለምን እንደቀረም ያውቃል። ዛሬ ከሁሉም በፊት እሱን ማንሳት ነበረብኝ፤ እጄ ፈርቶ እዚህ ታች አደረሰው። ይቅርታ አድርግልኝ ይልሃል በይልኝ። ፊቱን ካዞረ ግን፣ ወንድሜ ነው ብለሽ እንዳታማልጂኝ።

ጥፋተኛው ወንድምሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ ከሥራ ቦታችን ጀርባ
እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን